ብልቃጧ ትንሽ፣ አማናዋ ትልቅ



ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ጉንፋን ያዘው። ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አፍንጫው ተዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። እኔም አዋቂ አጎት ሆኜ፣ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ የገዛኋትን ትንሽ ብልቃጥ አመጣሁ። የሚንትና የባህር ዛፍ ዘይት ድብልቅ ናት። ሻጩ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ለሕፃን ለአዋቂ የሚሆን» ብሎ ለጥፎባት ነበር። ሁለት ጠብታ ወስጄ ከልጁ አፍንጫ ሥር ቀባሁት። ወዲያው ትንፋሽ አጠረው፤ ከንፈሩ ሲጠቁር በዓይኔ አየሁ። እህቴ እየጮኸች፣ እኔ ልጁን አቅፌ በባዶ እግሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ።

ሐኪሟ ብልቃጧን አገላብጣ አየችና «ምን ያህል እንደሚቀባ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚሆን የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። የትም አልተጻፈም። እኔም ስገዛ አልጠየቅኩም። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ወንድሞችና እህቶች! እኛ መዓዛ የምንወድ ሰዎች ነን። ለጁሙዓ ዒጥር እንቀባለን፤ ቤታችንን በቡኹር እናጥናለን። መስጂድ በር ላይ ከሚስዋኩ ጎን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሸጣል። አሁን ደግሞ ላቬንደሩ፣ ቲ ትሪው፣ የቅርንፉድ ዘይቱ በየስልካችን እየተዋወቀ ቤታችን ገብቷል። ችግሩ ሁሉንም «ዘይት» በሚል አንድ ስም መጥራታችን ነው።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ ነው፤ እንደ ሰሊጥና እንደ ኑግ ዘይት። ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቅጠል ወይም አበባ በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ የመዓዛው ጭማቂ ነው። 1 ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 ኪሎ ግራም በላይ አበባ ይፈጃል። እናቶቻችን ለጉንፋን የባህር ዛፍ ቅጠል ቀቅለው ሲያጥኑን ያደግን ልጆች ነን። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን ያ ቅጠል አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር የባህር ዛፍ ዘይት የዋጠ ትንሽ ልጅ ራሱን ሊስት፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ካፉርም እንደዚሁ ነው፤ በጥቂቱ ቢዋጥ እንኳ ለሕፃን አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ «ይሄ እኮ ሱንና ነው፣ ምን ጉዳት አለው?» የሚል አይጠፋም። ስለ ጥቁር አዝሙድ ፈውስነት የመጣው ሐዲስ ሰሒሕ ነው፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። አምነን እንቀበለዋለን። ነገር ግን ሐዲሱ ስለ ጥቁር አዝሙድ የተናገረውን ለሚንትና ለቲ ትሪ ብልቃጥ ማስታወቂያ ማድረግ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም መነገድ ነው። ጥቁር አዝሙድ ራሱም ቢሆን መጠን ይፈልጋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዘይቱን በየቀኑ ቢጠጣ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል።

ያው ሱንናችን ሌላም ነገር አስተምሮናል። ሕክምና ሳያውቅ ሰውን የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ የሚያመለክት ሐዲስ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ ስለ ዒጥር አሠራርና ማጣራት ኪታብ የጻፈ ሊቅ ነው። ይኸው ሰው የመድኃኒት ድብልቆችን ኃይል በሒሳብ ለማስላት የደከመ ነበር። መዓዛ ያወረሱን ሰዎች መለኪያም አውርሰውናል። እኛ መዓዛውን ይዘን መለኪያውን ጣልነው።

እኔ ብልቃጦቻችሁን ጣሉ አልልም። ካለ ዕውቀት አትያዟቸው ነው የምለው። ቢያንስ እነዚህን እንያዝ፦

1. ኢሴንሻል ኦይል አይጠጣም። በሻይም፣ በማርም፣ በውሃም ቢሆን።

2. ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አይቀባም። ለአዋቂ 30 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ይበቃል፤ ለፊት ግማሹ። ቅርንፉድና ቀረፋ ስለሚያቃጥሉ ከዚህም በጣም ያነሰ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። የሎሚ ዘይት ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።

3. ሚንት፣ ባህር ዛፍና ካፉር ከሕፃን ፊትና አፍንጫ ይራቁ። ነፍሰ ጡርና የአስም ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቁ አይጠቀሙ።

4. ቤት ስናጥን መስኮት እንክፈት። ዘይቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ፍም ላይ አይንጠብጥብ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንጭሶ መተኛት ደግሞ ነፍስ ያጠፋል።

5. ብልቃጡ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ልጅ ከዋጠ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና መታየት ነው።

ለምትሸጡ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለኝ። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ መልካም ነው፤ አላህ በረካ ያድርግላችሁ። ግን የዕቃን ጉድለት ለገዢው መንገር የንግዳችን አደብ ከሆነ፣ የዕቃን አደጋ መንገር እንዴት ይቀራል? የዕፅዋቱን ስም፣ መጠኑን፣ ለማን እንደማይሆን ጻፉበት። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። ገበያችሁ አይቀንስም፤ ታማኝነታችሁ ይጨምራል እንጂ።

እኛ ወጣቶች ደግሞ በብዙ ቤት ስልክ የምንነካካው እኛ ነን። እናቶቻችን «አንተ ታውቃለህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ያመኑን እኛን ነው። ያመጣነውን ብልቃጥ ሳይጠራጠሩ ይቀቡታል፣ ሳይጠይቁ ይጠጡታል። እህቴም ያን ሌሊት ልጇን የሰጠችኝ አምናኝ ነው። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው፤ መጠየቅና መለካትም ሰበብ ነው።

ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ ቤቱን እየዞረ ያተረማምሳል። ብልቃጧን ግን አልጣልኳትም። ቁም ሳጥን ላይ፣ እሱ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጫታለሁ። ባየኋት ቁጥር የሐኪሟ ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

አላህ ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚጠቅም ዕውቀትም ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።