መዝገቡ ሳይዘጋ

እናንተ ከእኔ ጋር ያረጃችሁ፣ በነቀምቴና በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢዶሎ፣ በነጆና በመንዲ ሰው ሲጣላ ተጠርታችሁ ከዘራችሁን ይዛችሁ የምትነሡ ሽማግሌዎች፣ ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ወቀሳ ካለ አስቀድሞ የሚያርፈው በእኔ ላይ ነው፣ እኔም በዚያው ጥላ ሥር ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ሳስታርቅና ስመርቅ የኖርኩ ሰው ነኝና። ነገር ግን ዕድሜዬ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል ያየሁትን በሆዴ ይዤ ብሄድ ዕዳ ይሆንብኛል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በልጆቿ ቀለብ አቤት ያለች ጎረቤቴን አጅቤ ወደ አንድ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው በውስጥ የሚነገረው አይሰማም። አጠገቤ አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ተቀምጣለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ የምታደርቀው ፌስታል ይዛለች፣ በፌስታሉም ውስጥ በአራት የታጠፈ የሐኪም ማስረጃ ይታያል። ከቢሮው አንድ ጎልማሳ ወጣ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለው የአሻራ ቀለም ገና አልደረቀም። እሷን አላያትም። እኔን ግን አየኝና ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ስሞ፣ «አባቴ፣ እናንተ ሽማግሎች ነገሩ በእርቅ አልቋል ስላላችሁ አላየሁም ብዬ አሻራዬን አኖርኩ» አለኝ። ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እናትየው ሰማች። ፌስታሉን ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፣ ቀና ብላም አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። በዚያ እርቅ ላይ እኔ አልነበርኩም፤ ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፣ በሌሎች ብዙዎች ላይ ነበርኩና።

ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ማለት ነው። ድሮ በነገሥታቱ ግቢ ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ትልቅ ሹም ነበር፤ የዛሬው ዐቃቤ ሕግ ደግሞ እንዲጠብቅ የተሰጠው ከሰዓትም ይልቅ ቶሎ የሚያመልጥ ነገር ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያኖረው አካሄድ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት ቢለዋወጥም፣ በመሠረቱ ያው ነው፦ ፖሊስ መርምሮ መዝገቡን ያቀርባል፣ ዐቃቤ ሕጉ ያነበዋል፣ ከጎደለ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ይመልሰዋል፣ ከበቃ ክስ ይመሠርታል፣ ማስረጃ ከታጣ ይዘጋዋል። እዚያ የምትቀመጠው የልጅ ልጄ እኩያ የሆነች ሕግ የተማረች ሴት ወንጀሉ ሲፈጸም በቦታው አልነበረችም፤ ዓይኗም ጆሮዋም ምስክር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሲመሰገን ስንት ክስ ተመሠረተ፣ በስንቱ ላይ ተፈረደ ተብሎ በቁጥር ይነገራል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ ግን ጎረቤቱ ተቀይሞት፣ ወፍጮ ቤት ሰላምታ ተነፍጎ፣ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ከእርሻው ተነሥቶ የተመላለሰ አንድ ገበሬ አለ። የእኛ እጅ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጓን አናስፈራራም፣ ዳኛውንም አንደልልም፤ ማታ ወደ ምስክሩ ቤት ሄደን በቀስታ፣ በፍቅር፣ በእግዜር ስም እንለምነዋለን።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣብን አስባለሁ። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅቷን የጠለፈ ሰው መልሶ ቢያገባት፣ ጋብቻው እስከጸና ድረስ፣ ለክስ በር ይዘጋ ነበር፤ እኛም ጎልማሶች ሳለን ጠላፊን አማች ማድረግ ሽምግልና መስሎን ኖርን። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ያንን በር ከፈተው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚመጣ ጋብቻ ተጠያቂነትን አያስቀርም አለ። ሕጉ ሲለወጥ እግራችን የለመደውን መንገድ አልለቀቀም።

እኔ ራሴ፣ ሕጉ ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ አጠገብ ለሦስት ቀን ኦዳ ዛፍ ሥር ለእርቅ ተቀምጫለሁ። የተጠለፈችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንዲት ቀይ ጊደርና ጥቂት ብር ለአባት ተሰጠ፣ ጠጅ ተጠጣ፣ እኔ መረቅሁ፤ ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም፣ ያለችበትንም ቤት በር የከፈተ የለም። ሦስት ምስክሮች ነበሩ፤ ሦስቱንም እኔ አናገርኳቸው፣ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ተዘጋ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ያው ጠላፊ ሌላ ልጅ ሊጠልፍ ሲል ወንድሟ ተከትሎት ወንዝ ዳር ተገደለ። ያን ጊዜ እንደገና ተጠራሁ፣ አሁን ለጉማ፣ ለደም እርቁ። የሟች እናት እጄን ሳትጨብጥ፣ «የዚያን ጊዜ ታስሮ ቢሆን ልጄ ዛሬ ያርስ ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ጉማን አላቃልልም፤ አባቶቻችን ያቆዩልን ትልቅ ነገር ነው፣ ደም ደምን እየጠራ ሁለት ዘር እንዳይተላለቅ ያገደ። ግን ምን እንደነበረ እናስታውስ። በጃርሱማ፣ በሽማግሌዎች እርቅ፣ የበዳይ ወገን አስቀድሞ ጥፋቱን በአደባባይ ያምናል፣ እውነቱ ሳይወጣ ካሣ አይቆጠርም። ዛሬ እኛ የምናደርገው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ካሣውን እንቆጥርና እውነቱን እንቀብራለን፣ እርቁን የምናጸናው ምስክሩን አላየሁም በማሰኘት ነው። ይህ የአባቶች ሥርዓት አይደለም፣ በአባቶች ካባ የተሸፈነ ውሸት ነው። ሕገ መንግሥቱ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል እንዲዳኝ ፈቅዷል፤ የተደፈረች ሕፃንና የፈሰሰ ደም ግን የግል ጉዳይ አልተባሉም። የበደለው ሰው ተጸጽቶ የካሰ እንደሆነም ሕጉ ራሱ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ይችሉ ነበር፣ እኛ አንዱን በሌላው ካላነቅነው በቀር።

መዝገብ የማይከፈትበት ዘመን፣ እንደ ደርግ ያለው፣ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አይገባኝም ነበር፣ አብረን አይተነዋልና። ግን የምንረሳ እየመሰለኝ እፈራለሁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቦጂ ልጅ ነበሩ፣ በዚህችው በነቀምቴ ያገለገሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ክስ አልተነበበላቸው፣ ዳኛ ፊት አልቆሙ። አጽማቸው እስኪገኝ 13 ዓመት አለፈ፤ መንግሥት ወድቆ ሌላ እስኪመጣ ቤተሰብ የሚያለቅስበት መቃብር አልነበረውም። ስማቸው የማይጠራ የእኛ አገር ልጆች ስንት እንደሆኑ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። በ1984 ዓ.ም ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ ከ5000 በላይ ሰዎችን ሊከስ የቻለው ደርግ የራሱን ትእዛዝ በራሱ ማኅተም ጽፎ ስለተወና እናቶች ከዓመታት በኋላም ቆመው አየሁ ስላሉ ነው። ያ ፍርድ እስኪያልቅ እንኳ ዓመታት ፈጀ፣ ብዙ እናቶችም ሳይሰሙት አለፉ።

አሁን ደግሞ በእኛው ዘመን፣ በእኛው ምድር፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ተጨፈጨፉ፤ ከዚያ በፊትና በኋላም በየአቅጣጫው ስንት ጎጆ ተቃጥሏል፣ የአንዱ ወገን ብቻም አይደለም። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግም ይኖራል ተብሏል። መቼ እንደሚደርስልን አላውቅም፤ ሲደርስ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ማን አየ የሚል ነው። የዚያን ዕለት ማን ይናገራል? ለጎረቤቱ ልጅ መደፈር አላየሁም ማለትን ከእኛ የተማረው ጎልማሳ፣ ለመንደር ሙሉ ሬሳ አየሁ ሊል ከወዴት ብርታት ያገኛል? ልጆቻችንስ ሕግ ባዶ ቤት እንደሆነ ካዩ መሣሪያ ይዞ የወጣውን ሁሉ ዳኛ ቢያደርጉት በምን አፍ ልንከለክላቸው ነው?

የጽሕፈት ቤቶቹን እንከን አላጣሁትም። ቀጠሮ ይረዝማል፣ መዝገብ ጠፋ ይባላል፣ መንገድ ሲዘጋ ምስክር አይደርስም፤ እጁን የሚዘረጋም አይጠፋም። ለምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 በወረቀት አለ፣ እስከ ቀበሌያችን ድረስ ግን እግሩ ሲደርስ አላየሁም። ያን ጥበቃ ከማንም ይልቅ ልንሰጥ የምንችለው እኛ ነበርን። በመንደር ፊት አንድ ሽማግሌ ከምስክሩ ጋር ቢቆም፣ ይህ ሰው ያየውን ይናገር፣ የነካው እኔን ነካ ቢል፣ የትኛው ፖሊስ እንዲህ ይጠብቀው ነበር?

ያቺን ባለ ፌስታል እናት አፈላልጌ አገኘኋት። መዝገቡ ገና አልተዘጋም፤ ዐቃቤ ሕጓ ለተጨማሪ ምርመራ መልሳዋለች። ጎልማሳውንም ቤቱ ሄጄ አነጋገርኩት፣ ብዙ ጊዜ ዝም አለ፣ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ዝም አለ፣ ከዚያ «አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማክሰኞ ጠዋት እንሄዳለን። አግዳሚው አራት ሰው ይይዛል።