ሥራ ፈላጊና ነጋዴ ፊት ለፊት ሲገናኙ

ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፥ ሥራ ፈላጊ በነጋዴ ፊት ቀርቦ የሚሰጠው መልስ ዕድሉን የሚያቃናበት ወይም የሚያሰናክልበት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶች ለቃል ፈተና ሲዘጋጁ የሚደክሙት ልብስ በማስተኮስና ምስክር ወረቀት በማባዛት ብቻ ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ነጋዴው የሚፈልገው ዕቃውን፥ ገንዘቡንና ስሙን የሚጠብቅለት ሰው ስለ ሆነ፥ ልብስና ወረቀት ብቻቸውን አያሳምኑትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት የሚቀጠሩበትን ቤት ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ቤቱ ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ከመጋዘን ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ እስኪደርስ ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልገው፤ አስመጪም እንደ ሆነ፥ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ የጉምሩክ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚፈጸም ጠይቆ መረዳት ይገባል። ለሱቅ ሠራተኛነት የሚወዳደርም ቢሆን፥ አስቀድሞ በሱቁ በኩል አልፎ የሚሸጠውን ዕቃና የገዢውን ዓይነት ቢመለከት፥ «ለምን ወደዚህ መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሥራ አጥቼ ነው» ከማለት የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር እውነተኛነት ነው። የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ለጊዜው ቢያስመሰግንም ኋላ ነጋዴውን ለኪሣራ ይዳርጋል። ለምሳሌ ሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚባለው የባንክ መተማመኛ የሚካሄደውን ንግድ መመልከት ይበቃል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፥ ባንክ የቀረበለትን ሰነድ ለመመርመር ያለው ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። በኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው የዕቃው መግለጫ ከመተማመኛው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል ይችላል፤ ዕቃው በባሕር ላይ ሳለ ክፍያው ይቆማል ማለት ነው። ይህን ሥራ «ሠርቼዋለሁ» ብሎ በሐሰት የገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይጋለጣል። በአንጻሩ «ይህን በትምህርት ቤት ተማርሁት እንጂ በእጄ አላዘጋጀሁትም፤ የሒሳብ መዝገብ ግን ሁለት ዓመት ይዣለሁ» የሚል አመልካች፥ ምን ሊያስተምሩት፥ በምንስ ሊተማመኑበት እንደሚገባ ለጠያቂው አስታውቋል።

«ታታሪ ነኝ፥ ታማኝ ነኝ» ማለትም ማንም የሚለው ነው። «በየወሩ መጨረሻ የመጋዘኑን ዕቃ ከመዝገቡ ጋር አመሳክር ነበር» ብሎ ሥራን መንገር ግን ይታመናል። የቀድሞ አሠሪውን የሚያማ ሰው የአሁኑንም ነገ እንደሚያማው ይገመታልና ከዚህ መራቅ ይገባል። ለገንዘብ ያዥነትና ለዕቃ ጠባቂነት ተያዥ መጠየቁ የተለመደ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ሰው ማዘጋጀት ብልህነት ነው። ደመወዝ ሲነሣም «የሰጡኝን» ማለት ትሕትና ቢመስል ኋላ ማጉረምረምን ያመጣል፤ የገበያውን ልክ አጥንቶ ቁጥሩን በጨዋ ቃል መናገር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ጠያቂው በቅጡ ካልጠየቀ ከንቱ ነው። ነጋዴ ቡና ሲገዛ ናሙናውን አስቆልቶ፥ አስፈልቶ፥ ቀምሶ ነው፤ ሰው ሲቀጥር ግን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያበቃው አይታጣም። ዝምድና ጠባይን ይመሰክር ይሆናል፤ ሙያን ግን አይመሰክርም። ለአመልካቹ የአንድ ደንበኛ ደብዳቤ ሰጥቶ መልሱን ማስጻፍ፥ ወይም 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ የሽያጭ ሒሳብ ማሠራት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ባዕድ ለመቅጠር የሚፈራም ቢኖር ሕጉ መፍትሔ አዘጋጅቶለታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ በጽሑፍ በሚደረግ ውል ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀናት መሞከር ይቻላል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ አመልካቹም ይህን በአክብሮት ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም።

ሥራውን የሚያውቅ አመልካችና ስለ ሥራው የሚጠይቅ ነጋዴ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ አንዱ እንጀራውን ያገኛል፤ ሌላውም መጋዘኑን ዘግቶ በሰላም ያድራል።