የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሁለተኛው ስም

ይህ እትም ዊካ የተባለው ዘመናዊ የጥንቆላ ሃይማኖት ተከታዮች ለምን ሁለተኛ ስም እንደሚይዙ ይመረምራል። ብዙዎች ለመደበቅ ነው ይላሉ፤ ማስረጃም አላቸው። ዊካን ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር በ1949 እ.ኤ.አ. ልብ ወለዱን ሲያሳትም የተጠቀመው ስም «ስኪሬ» የሚል የላቲን ቃል ነበር፤ «ማወቅ» ማለት ነው። የ1735ቱ የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ ያኔ ገና አልተሻረም። ሕጉ ግን በ1951 ተሻረ፤ ጋርድነርም በ1954 በገዛ ስሙ ጻፈ። ልማዱ አልቀረም፤ በ1953 የጋርድነርን ማኅበር የተቀላቀለችው ዶሪን ቫሊየንቴ «አሜት» ተብላለች።

ሕግ ቢሻርም የጎረቤት ዓይን አልተሻረም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባለቤቱን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ብቻ የሚጠራ ስም ማንን ከማን ይሰውራል? የክርስትና ስም ያለው አንባቢያችን መልሱ አይጠፋውም፤ እንዲህ ያለ ስም የቃል ኪዳን ምልክት ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢዎች የአማልክትን ስም ከመጽሐፍ ለቅመው በአንድ ሌሊት ባይወስኑ እንመክራለን። የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና ጊዜ ይስጡት።