ሲሻገሩ ምን ይዘው ነበር?

ሴት ተማሪዎቻችን በደብተራቸው ሽፋን ላይ የሚለጥፏቸውን ፎቶዎች ዘንድሮ ልብ ብለን አይተናል። ዘፋኞች፣ ሞዴሎችና የፊልም ተዋናዮች ይበዛሉ፤ መልካቸው የእኛን የሚመስልም በመካከላቸው ጥቂት አይደሉም። ይህ የሚያሳስባቸው ወላጆች አሉ። በእኛ ልጅነት ሴት ልጅ «ዘፋኝ እሆናለሁ» ስትል ቤት ይታመስ ነበርና ስጋታቸው ይገባናል። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ፎቶው የሚነሣው ከተሻገሩ በኋላ ነው። እነዚህ ሴቶች በሰው አገር በቁጥር አናሳ ሆነው ሳለ ሕዝብ ሁሉ ወደሚያየው መድረክ ሲወጡ ምን ይዘው ወጡ? ምንስ ጣሉ? (ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።)

ከቅርባችን እንጀምር። በ2009 ለዕይታ የበቃው «የበረሃ አበባ» የተባለው ፊልም ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ጅቡቲ ነው። ታሪኩ የሶማሊያዊቷ ሞዴል የዋሪስ ዲሪ ነው፤ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ተነሥታ በለንደን ዝቅተኛ ሥራ ስትሠራ ቆይታ፣ ስመ ጥር ከሆነች በኋላ የደረሰባትን ግርዛት በአደባባይ የተናገረች ሴት። ትንሿን ዋሪስ ሆና የተጫወተችው የጅቡቲ ልጅ ናት። ትልቋን ዋሪስ የተጫወተችው ግን አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ ናት። ከሶማሌ ጎረቤት ጋር ቡናና ሻይ ስንጠጣ ለኖርን ለእኛ የሁለቱ ሴቶች አገር፣ ቋንቋና አስተዳደግ ምን ያህል እንደሚለያይ ግልጽ ነው። ለአውሮፓ ተመልካች ግን ሁለቱም «ከአፍሪካ ቀንድ የመጣች ቆንጆ» ናቸው። ቅሬታ የለንም፤ ተዋናይ ሥራዋ ሌላ ሰው መሆን ነው፤ ሊያም በሚገባ ሠርታዋለች። ከሩቅ የሚያይ ሰው ምን ያህሉን እንደሚያይ ለልጆቻችን ለማሳየት ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

የሊያን መንገድ ጠለቅ ብለን ስናየው ከሽፋን ፎቶው የበለጠ ያስተምራል። የተማረችው አዲስ አበባ በሊሴ ገብረ ማርያም ነው። መጀመሪያ ለሥራ የሄደችው ወደ ፈረንሳይ ስለነበር በትምህርት ቤት ያገኘችው ቋንቋ ሳይጠቅማት አልቀረም። በ2003 እስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የማስታወቂያው ፊት አድርጎ መረጣት፤ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት በእናቶችና በሕፃናት ጤና ጉዳይ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አደረጋት። እኛን ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን የ2007ቱ ሥራዋ ነው። በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ የጥጥ ልብስ ለዓለም የሚሸጥ ድርጅት ስታቋቁም ስሙን «ለምለም» አለችው። ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም አልመረጠችም። «ሸማኔ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወር ሰምተን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪካቸውን ሌላ ሰው የጻፈላቸውም አሉ። ሶማሊያዊቷ ኢማን በ1975 ኒውዮርክ ስትገባ፣ ያገኛት ፎቶ አንሺ ፒተር ቢርድ «በጫካ ከብት ስትጠብቅ አየኋት» የሚል ተረት ለጋዜጠኞች ነገረ፤ እነርሱም ተቀበሉት። እውነቱ ሌላ ነበር። የዲፕሎማት ልጅ ናት፤ አምስት ቋንቋ ትናገራለች፤ የተገናኙትም ናይሮቢ ውስጥ፣ እርሷ በዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ስትማር ነው። ለገበያ የሚመቸው ግን እረኛዋ እንጂ ተማሪዋ አልነበረችም። ኢማን እውነቱን ኋላ ራሷ ተናግራለች፤ በ1994ም የራሷን የመዋቢያ ኩባንያ አቋቁማለች። እንዲህ ለማድረግ የቻለችው፣ በእኛ እምነት፣ ከተረቱ በፊት ትምህርት ስለነበራት ነው።

ወደ ዘፈኑ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይገርማል። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የሄደች ናት፤ በዋሽንግተን በሐበሻ ምግብ ቤቶች ስትዘፍን ቆይታ ሥራዋን ታላቁ ኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ አሳተመላት። የተዘፈነው በአማርኛ ነው። ጂጂ፣ ማለትም እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁለት ጊዜ ተሻግራለች ማለት እንችላለን፤ መጀመሪያ ከአዊዋ ቻግኒ ወደ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ወደ ባሕር ማዶ። በ2001 የወጣው አልበሟ ላይ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ የጃዝ ታላላቆች፣ አጅበዋት ተጫውተዋል። ስለ ዓድዋና ስለ ዓባይ ስትዘፍን ቃሉን ለማያውቅ ሰው አላቀለለችም። እነርሱ ወደ እርሷ ዜማ መጡ። ከወጣቶቹ ደግሞ ኢየሩሳሌም የተወለደችው ቤተ እስራኤላዊት ኤደን አለነ አለች። በ2020 እስራኤልን ወክላ በዩሮቪዥን ውድድር እንድትዘፍነው የተመረጠው ዘፈን ርእሱ አማርኛ ሲሆን፣ ግጥሙ በአማርኛ፣ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተሠራ ነበር። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ቢሰረዝም በ2021 በሌላ ዘፈን ተመልሳ ለፍጻሜ በቅታለች። በብዙ ቋንቋ መኖር ለጅቡቲ ልጆች አዲስ ነገር አይደለም፤ እቤት አማርኛ፣ ሰፈር ሶማልኛና አፋርኛ፣ ቢሮ ፈረንሳይኛ፣ ሬድዮ ዐረብኛ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከሳምንቱ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ ለፈረንሳይኛ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡት ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ከተማ ያለ ፈረንሳይኛ ሥራ እንደማይገኝም እናውቃለን። ፈረንሳይኛው ይጨመር እንላለን። ከአማርኛው ተቆርሶ ግን አይሁን። አንዲት ልጅ ፈረንሳይኛ ብቻ ይዛ ስትሻገር በሩ ላይ የሚጠብቃት ሰው የፈለገውን ታሪክ ይጽፍላታል ብለን እንፈራለን።

ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች «ራስህን ለማያውቅህ ሰው አስተዋውቅ» የሚል ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ አዝዘን ነበር። የፈረንሳይኛው ንጹሕ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚወዱት ስፖርት፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። በአማርኛው ግን አባት ከጋላፊ በሌሊት የሚነዳው ከባድ መኪና አለ፤ አያት ከድሬዳዋ የምትልከው በርበሬ አለ። የአንዷ ልጅ እናት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በአማርኛው ጽሑፍ እናት በስም ተጠርታለች፣ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፣ ሥራ ላይ ስታንጎራጉር ትሰማለች። በፈረንሳይኛው ጽሑፍ እናት ጭራሽ የለችም። ለምን ብለን ስንጠይቃት «እዚያ አትገባም» አለችን።

ሁለቱም ወረቀቶች፣ ስሟ ተሸፍኖ፣ በልጅቷና በእናቷ ፈቃድ በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጠዋል። የክፍለ ጊዜው ጉዳይ በመስከረም በሚደረገው ስብሰባ ይወሰናል፤ ከዚያ በፊት መጥታችሁ እንድታነቧቸው እንለምናለን።