ጀሪካኑን አውርዱላት

አክስቴ ማህፀኗ ወጥቶ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ዘጠኝ ዓመት! ሰርግ ሲጠሯት እግሬን አመመኝ ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። ከባሏ መኝታ ለየች፤ ሲጠይቃት ደክሞኝ ነው አለችው። ኋላ ጉዱ ታወቀና ዘመድ ተሰበሰበ። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!»

ማን አስደበቃት? ስሙን በአፋችሁ ለመጥራት የተጸየፋችሁት እናንተ! «የሴት ነገር» ብላችሁ ፊታችሁን ያዞራችሁት እናንተ! ዘጠኝ ዓመት አፏን ይዛችሁ ስታበቁ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም ትሏታላችሁ?

በእኛ አገር፣ ከጎዛምን እስከ ስናን፣ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ድረስ፣ እንዲህ ያለችውን ሴት የማያውቅ ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። እናንተም ታውቃላችሁ። አፍራችሁ ነው ዝም ያላችሁት።

ነገሩ እርግማን አይደለም። ማህፀን፣ ፊኛና ደንዳኔ ከታች ደግፎ የሚይዛቸው በዳሌ አጥንት መሃል የተዘረጋ ጡንቻ አለ። የጠፍር አልጋ አስቡ። ጠፍሩ ተወጥሮ ሳለ የተኛበትን ይችላል። ሲላላ የተኛው ይሰምጣል፤ ሲበጠስ መሬት ይነካል። የሴቲቱን ጠፍር የተራዘመ ምጥ ይጎዳዋል፣ የወሊድ ብዛት ያላላዋል፣ ዕድሜ ያሳሳዋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። የሸክሙ ነገር ሲነሳ ግን ሁሉም ዝም! ሰሜን ጎንደር፣ ዳባት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከባድ ዕቃ በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መሸከምን ከዚህ ሕመም ጋር አያይዞታል። ዳባት ደጋ ነው፤ የእኛም አገር ደጋ ነው። ዳገቱ ያው፣ ገመዱ ያው፣ ጀርባዋም ያው።

ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። እሱን በገመድ አዝላ ከወንዝ ሽቅብ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ። እንጨቱ ሌላ፣ ልጁ ሌላ። ባልየውስ? ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ፊት ፊት ይሄዳል! ይህን እያየን «ጎበዝ ሴት፣ ወንድ ያስንቃል ጉልበቷ» እንላለን። ይህ ሙገሳ ስንቷን እንደጣለ ታውቃላችሁ?

አራስ ስትሆን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ማርያምስ ማረቻት። እኛ መቼ ማርናት? ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ያ ቀን ሳይደርስ ስንቷ እናት ወንዝ ወርዳለች! መንግሥትም ቢሆን አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት አትሙት ይላል። ደግ ብሏል። ሳትሞት የቀረችውስ? ፊስቱላ እንኳ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንን አግኝቶ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተከፈተለት፤ ስሙም ያለ ሐፍረት ይጠራ ጀመር። ማህፀኗ የወጣባት ሴት ግን ዛሬም ሹክሹክታ ናት።

ሕክምናው አለ። ገና ጅምሩ ላይ ላለች ሴት የጡንቻ ልምምድ ይረዳታል፦ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጨበጥ፣ ለቀቅ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 የጻፈለት ዘዴ ነው፤ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ቀዶ ሕክምና ለማይሆንላት የሲሊኮን ቀለበት ከውስጥ ገብቶ ይደግፍላታል። ጨርሶ ለወጣባት ደግሞ ሐኪም በታች በኩል ገብቶ ማህፀኑን ያወጣዋል፣ ወይም ከጠንካራ ጅማት ጋር ይሰፋዋል፤ የላላውንም ግድግዳ ያጠብቃል። ብዙ ጊዜ ሆድ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። እጃቸው ይባረክ!

አክስቴም ተሠርታ፣ ማህፀኗ ተወግዶ ዳነች። ስትወጣ ወረቀት ሰጧት፦ ለሦስት ወር ከባድ ዕቃ እንዳትሸከም። ማንበብ ለማትችል ሴት! ባሏን ጠርቶ «አንተ ነህ የምትሸከመው» ያለው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካኑን አዘለች። አህያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሁለት ጎረምሳ ልጆቿ ቤት አሉ። እኔም በዚያው ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ፣ እሷ የቀዳችውን ውኃ ጠጥቼ፣ መርቄ ወጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ ማህፀኗ የነበረበት ቦታ ተመልሶ ወረደ። ዘመድ እንደገና ተሰበሰበ፤ «ቀዶ ጥገናው አልሆነላትም» አለ። ውሸት! ቀዶ ጥገናውማ ሆኖላት ነበር። ያልሆንላት እኛ ነን። የተጠገነ ጠፍር ላይ ድንጋዩን መልሶ የጫነ ሰው አናጺውን ይወቅሳል?

ስለዚህ የምለምነው ሐኪሙን ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ባሏን ሳይጠራ አያሰናብታት፤ ቄሱም አራስ ሲጠይቁ ባልየውን ይገሥጹት። አንተ ግን፣ ይህን የምታነበው፣ ሚስትህ ወይም እናትህ ተሠርታ የተመለሰች ዕለት አህያህን ጭነህ ወንዝ ውረድ። አህያ ከሌለህ በትከሻህ ተሸከም። የመንደሩ ሰው ቢስቅብህም ይሳቅ።