ሰፊ ሳሎን፣ ጠባብ ግቢ

በፍላቂት ቤት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ቤት ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በአዲሱ ላይ ነው። አዲሱ በብሎኬት የተሠራ፣ ሰፊ ሳሎንና ሦስት መኝታ ቤት ያለው፣ ግቢው ግን ጠባብ ነው። ሌላው አሮጌ የጭቃ ቤት ሆኖ ግቢው ሰፊ ነው። ደላላው የሚያወራው ስለ ሳሎኑ ነው፤ የገዢው ሒሳብ ግን ከግቢው መጀመር ይኖርበታል።

ቤት ያረጃል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ገንዘብ ሲገኝ ክፍል ይጨመራል፤ ቦታ ግን አይጨመርም። በመቄት ደጋ ደግሞ ግቢ ጌጥ አይደለም። ማድቤቱ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ፣ የእህል ማስጫው፣ የበጎች ማደሪያው ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። በወልድያና በወረታ መንገድ ላይ ባለች ከተማ የሚከራይ ሰርቪስ መሥራትም የሚቻለው ቦታ ሲተርፍ ነው።

ይሁንና ሰፊ ግቢም የራሱ ዕዳ አለው። የከተማ መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ሊዝ የሚታሰበው በካሬ ሜትር በመሆኑ ግቢው በሰፋ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል።

ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የካርታውን ስፋትና የሚጠበቅበትን የሊዝ ክፍያ ያጣራ። ያን ደምሮ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ግቢውን ይምረጥ። ሳሎን ቀስ ብሎ ይደርሳል።