አምፕሊፋየሩን ስለ እኅቶቻችን ብለን እንተወው



በደማምና በኮባር በየቤቱ ተሰብስበን ስንዘምር «ጊታሩ በአምፕሊፋየር ይሁን» የሚል አሳብ ከወጣቶቻችን በኩል ደጋግሞ ይቀርብልናል። አሳቡ ከመልካም ልብ የመነጨ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ድምፅዋን አጥፍታ የምትሠራ እኅት፣ እረፍት ባገኘችበት ቀን ከፍ ባለ ድምፅ ጌታዋን ብታመሰግን ማን ይጠላል? መዝሙር 150ም ቢሆን ከበሮውንና ጸናጽሉን ለምስጋና ይጠራል።

ነገር ግን ያለነው ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ ከእስልምና ውጭ የሆነ አምልኮም በአደባባይ በማይፈቀድበት አገር ነው። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ነበር፤ 29ኙ ሴቶች ናቸው። ከወራት እስር በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በየካቲት 2005 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ደማም ከ50 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሚጸልዩበት ቤት ተወስደዋል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

«አሁን ጊዜው ተለውጧል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ሙጣዋ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የማሰር ሥልጣን የለውም፤ የሙዚቃ ድግስም በአደባባይ ይታያል። ሆኖም የተፈቀደው ዘፈን እንጂ የእኛ ዝማሬ አይደለም።

የጊታር አምፕሊፋየር ትንሹ፣ 15 ዋት የሚባለው እንኳ፣ ሳሎን ሞልቶ ይተርፋል። መጋረጃና ምንጣፍ የሚያፍኑት ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ግን ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል።

ጎረቤት ከስሶ ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ ዋጋውን ሁላችንም እኩል አንከፍልም። ጊታር የሚመታው ወንድማችን ምናልባት የድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ኢቃማው በኪሱ አለ። ከአሠሪዋ ቤት ሸሽታ የወጣችው እኅታችን ግን ፓስፖርቷ በማዳም እጅ ቀርቷል። ለእርስዋ መያዝ ማለት እስርና ከአገር መባረር ነው። ያልተከፈላት የወራት ደመወዝ እዚሁ ይቀራል፤ በአገር ቤት እጅ እጇን የሚያዩ እናትና ልጆችም አሉ። እኛ ለግማሽ ሰዓት ደስ እንዲለን የእርስዋን እንጀራ ልናስይዝ አይገባንም።

ስለዚህ ጊታሩ ሳይሰካ ይመታ። ልምምድ የሚፈልግ በጆሮ ማዳመጫ ይለማመድ። ከኮባር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ድልድይ ተሻግሮ ባሕሬን አብያተ ክርስቲያናት በይፋ አሉ፤ መውጫና መግቢያ ቪዛ ያለው እዚያ ሄዶ በሙሉ ድምፅ ያመስግን። ብዙዎቹ እኅቶቻችን ግን ያለ አሠሪ ፈቃድ ያን ድልድይ አይሻገሩም፤ ያለቻቸው ይህችው ሳሎን ናት። እርስዋን እንጠብቅላቸው።

ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አጠገቧ የነበረው ካህኑ ዔሊ አልሰማትም፤ እግዚአብሔር ግን ሰማት።

እርሱ የሁላችሁንም ዝማሬ ይስማ። አሜን።